ማርከር ብድር መስሎኝ ነበር

ለአባቴ አርባ ጠላ በተጠነሰሰበት ሳምንት፣ ላስ ቬጋስ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ደወለልኝ። በስሜ የመጣ የአደራ ደብዳቤ ተቀባይ አጥቶ ወደ ላኪው ተመልሷል፤ አሁን ደግሞ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሌላ ፖስታ መጥቷል። ክፈተውና አንብብልኝ አልሁት። አንብቦ ሲጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። ታክሲ እየነዳሁ ለእናቴ ቤት መሥሪያ ያጠራቀምሁት 12,000 ዶላር ባንክ ነበረኝ። ካዚኖው ሒሳቤን አይቶ የዚያኑ ያህል የቁማር ዱቤ ፈቀደልኝ። በሁለት ሌሊት ሁለት ወረቀት ፈረምሁ፤ አንዱ የ5,000፣ ሌላው የ7,000። ማርከር ይሉታል። ሁሉንም ተበላሁ። በማግሥቱ ከባንክ አውጥቼ መክፈል እችል ነበር። እኔ ግን የአንድ ወር ጊዜ አለኝ፣ ሌት ተቀን ነድቼ እተካዋለሁ ብዬ የቤቱን ገንዘብ ላለመንካት ወሰንሁ። በሳምንቱ አባቴ በጠና ታመመ ተባልሁ። ገንዘቡን በሙሉ አውጥቼ መጣሁ፤ ለአዲስ አበባው ሆስፒታል ዋለ። ለካዚኖው አንድ ቃል አልተናገርሁም። ዛሬም የሚቆጨኝ ከቁማሩ ይልቅ ይህ ዝምታ ነው።

ጓደኛዬ የወረቀቶቹን ፎቶግራፍ ላከልኝ። ለታላቅ ወንድሜ ከማሳየት በቀር መላ አልነበረኝም። ጋሼ ገብስና ስንዴ ነጋዴ ነው፤ ካዚኖ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየውና፣

«ይኼ እኮ ቼክ ነው» አለኝ።

«አይ ጋሼ፣ የቁማር ቤት ዱቤ ነው።»

«የባንክህ ስም አለበት። የሒሳብ ቁጥርህ አለበት። ፊርማህ አለበት። ምን ቀረው?»

እርሱ ስንቅ የሌለው ቼክ ተቀብሎ ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ነው። የእኛ አገር የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 እንዲህ ያለ ቼክ ማውጣትን በእስራት እንደሚያስቀጣ የከተማችን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። እኔ በኔቫዳ ስንት ዓመት ኖሬ ያልገባኝን ወንድሜ በአንድ ደቂቃ ነገረኝ።

በኔቫዳ ሕግ ማርከር ልክ እንደ ቼክ ይታያል፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2000 ይህንኑ አጽንቷል። ካዚኖው ቀኑ ሲደርስ ወረቀቱን ባንክ ያስገባል። ገንዘብ ከሌለ ይመለሳል፤ ቀነ ገደብ ያለው ማስጠንቀቂያ በአደራ ደብዳቤ ይላካል፤ ካልተከፈለ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከ1,200 ዶላር ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው፤ ከአንድ እስከ አራት ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ዐቃቤ ሕጉ ማጭበርበር አስቦ ነው የፈረመው ብሎ ማስረዳት አለበት፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ደርሶት ያልከፈለ፣ ወይም እንደ እኔ ደብዳቤው ተቀባይ አጥቶ የተመለሰበት ሰው አስቦበታል ተብሎ ይገመታል። ዝም ማለቴ የጎዳኝ እዚህ ላይ ነው።

ግሪን ካርድ ይዛችሁ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህችን ልብ በሉልኝ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጉዳት ያደረሰ የማጭበርበር ጥፋት በስደተኞች ሕግ ከአገር ከሚያስባርሩት ከባድ ወንጀሎች አንዱ ነው። የእኔ 12,000 ነበር። እስራቱን ሳስብ ያልተንቀጠቀጥሁትን ያህል ይህን ስሰማ ተንቀጠቀጥሁ።

ጓደኛዬ የወንጀል ጠበቃ አፈላልጎ ያዘልኝ። ጠበቃው ሲያጣራ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶብኛል። ላስ ቬጋስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን ማታ አንድ ሰዓት ነው፤ እንግዳው ሲበተን ከጓዳ ወጥቼ በዚያ ብርድ ጓሮ ቆሜ እደውልለት ነበር። መጀመሪያ ያዘዘኝ ለካዚኖው ደውዬ ላስረዳ ማለቴን እንድተው ነው። ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ከደረሰ በኋላ በስልክ የምትናገረው ሁሉ ማስረጃ ሊሆንብህ ይችላል አለኝ። ቀጥሎ ወረቀት አስለቀመኝ፤ በፈረምሁበት ቀን 12,000 ዶላሩ ባንክ እንደነበር የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫ፣ የሆስፒታሉን ደረሰኞች፣ የአባቴን የሞት የምስክር ወረቀት። ስፈርም ገንዘቡ ነበረኝ፤ የወጣበትም ምክንያት ይታወቃል። ይህ ዕዳውን አይሰርዝም፤ ለድርድር ግን መቆሚያ ሆነኝ።

የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በዕዳው ላይ አሥር በመቶ ይጨምራል፤ 13,200 ሆነ። ግማሹ አስቀድሞ ቢከፈል ቀሪውን በየወሩ ለመቀበል ተስማሙ። 6,600 ዶላር ከየት ይምጣ? ጋሼ እህሉን እሸጣለሁ አለ፤ ብሩ ግን ዶላር ሆኖ እዚያ አይደርስም። ያዳነኝ እቁብ ነው። ላስ ቬጋስ አሥራ ሁለት ሆነን በወር 500 የምንጥልበት እቁብ ነበረን፤ የእኔ ዕጣ ገና አልወጣም። ለእቁቡ ዳኛ ደውዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርሁት። ለአባላቱ አማከረ፤ የወሩ ባለ ዕጣ ተራዋን ለቀቀችልኝ። 6,000ው እንዲህ ተገኘ። 600ውን ጓደኛዬ ሞላ።

ጠበቃው ክፍያውን አስገብቶ የመያዣ ትእዛዙ እንዲነሣ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ አነሣልኝ። ያ ወረቀት በእጄ ሳይገባ አውሮፕላን እንዳልሳፈር አጥብቆ አስጠንቅቆኝ ስለነበር ቲኬቴን ሁለት ጊዜ አራዘምሁ። ተመልሼ በቀጠሮዬ ቀረብሁ። ከዚያ አሥራ አንድ ወር፣ በየወሩ 600 ለዐቃቤ ሕግ፣ 500 ለእቁቡ። አንድም ቀን አላሳለፍሁም። የመጨረሻው ሲገባ ክሱ ተዘጋ።

ካዚኖውን ዱቤዬን እንዲዘጋ በጽሑፍ ጠይቄዋለሁ፤ በኔቫዳ ደንብ ደንበኛው ሲጠይቅ ዱቤ እንዳይሰጠው የማድረግ መብት አለው። ይህን መጀመሪያ ባውቅ ኖሮ በመጀመሪያው ሌሊት ማግሥት አደርገው ነበር። ሰው ከጠየቀኝም እስከ ዛሬ የምለው አንድ ነው፤ የፈረማችሁት ማርከር ካለ ባንክ ያለውን ገንዘብ ለሌላ ነገር ከማውጣታችሁ በፊት ለካዚኖው ጻፉ፣ ፖስታችሁንም የሚከፍትላችሁ ሰው ይኑር።

እናቴ አልሰማችም። አባቴ ለመሠረት ብሎ ያስገዛው ድንጋይ ግቢያችን ውስጥ እንደተከመረ ነው። ባለፈው ጋሼ ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ ኩበት አስጥታበታለች።