ይሄ ቶም አይደለም

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚመጣብኝ ነገር ዛሬም መጣ። ሰኞ ገና ሳይደርስ ሆዴ ውስጥ ይገባል። እህቴ ቤት ሶፋው ላይ ተጋድሜያለሁ። ትንሹ ልጇ ስልክሽን ካልሰጠሽኝ ብሎ ሲነዘንዘኝ ቶምና ጄሪ ከፈትኩለት። የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣውን።

ትንሽ አየና ፊቱን አኮሳተረ። «ይሄ ቶም አይደለም!»

ልከራከረው ስል ትዝ አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። እዚህኛው ላይ ድመቱ ጃስፐር ነው የሚባለው። ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ በአራት እግሩ የሚሄድ፣ የምር ድመት። ቶም የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው።

ጃስፐር አይጧን ይጫወትባታል። ግድግዳው ላይ በቀለም የውሸት ጉድጓድ ይስልላታል፤ እገባለሁ ብላ ስትሮጥ ከግንቡ ጋር ትላተማለች። ሲያሯሩጣት ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ይሰብራል። ሴትዮዋ ትመጣለች። ከአሁን በኋላ አንድ ዕቃ ብትሰብር ከዚህ ቤት ትወጣለህ ትለዋለች። አይጧ ሰማች። በቃ፣ አለቀለት! ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆማ ብርጭቆ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፤ እስቲ ና፣ እንደ ማለት። ያን ሁሉ ጥርስ ይዞ ብርጭቆ ሲቀልብ ይውላል። መጨረሻ ላይ ሳህን ቆልሎ ተሸክሞ ሲንገዳገድ፣ እሷ ወተቱ ውስጥ ትዋኛለች፤ ስትወጣ በገዛ ምላሱ ሰውነቷን ታደርቃለች፤ ከዚያ በካልቾ! ሳህኑ ሁሉ እንክትክት። ጃስፐር ወደ ውጭ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ልጁ ይንከተከታል። እኔ ሐሳቤ የስም ዝርዝሩ ላይ ቀርቷል። ይሄን የሠሩት ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። ስማቸው ግን የለበትም፤ ያለው የአለቃቸው የሩዶልፍ አይሲንግ ነው። በዚህ ሁኔታ ለኦስካር ታጨ። በኋላም ቶምና ጄሪ ሰባት ኦስካር ሲያገኝ ሽልማቱ የተሰጠው በፕሮዲዩሰሩ በፍሬድ ኩዊምቢ ስም ነው።

ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ያ ሪፖርት! እንቅልፍ አጥቼ የሠራሁት፣ ስብሰባ ላይ በሌላ ሰው ስም የቀረበው። ሲጨበጨብለት ማን ሠራው ያለ የለም። አንዲት ቁጥር ስትጠረጠር ጊዜ ግን ስሜ ወዲያው ትዝ አላቸው።

ለሃና እና ለባርቤራ እንደ ገዛ ወንድሞቼ አዘንኩ። ቆይ ግን፣ ሰዎቹ እኮ እ.ኤ.አ. በ1957 የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፍተው ስማቸውን በትልቁ የጻፉ ናቸው። የእኔ ሐዘኔታ ምን ያደርግላቸዋል? ደሞዜ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ እኔ ለሆሊውድ ሰው አዝናለሁ።

ሴትዮዋስ? የእሷን ፊት እንኳ አናየውም። ቀሚሷና እግሯ ብቻ ወዲህ ወዲያ ይላል። ድምፁ የሊሊያን ራንዶልፍ ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ናት። የእሷም ስም አልተጻፈም። ሴትዮዋን የቤት ሠራተኛ ናት የሚሉ አሉ፣ ባለቤቷ ራሷ ናት የሚሉም አሉ። ሠራተኛ ከሆነች ያ ሁሉ ቁጣ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሳህኑ የእሷ አይደለማ! ማታ እመቤቲቱ ስትገባ የምትጠየቀው እሷ ናት። ድመቱ ነው የሰበረው ብትል ማን ይሰማታል?

ለእህቴ ይሄን ሁሉ አስረዳኋት። ከሽንኩርቱ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ልጅ ጤና የለሽም? ካርቱን ነው እኮ!»

ካርቱን ይሁን። አይጧ ደሞዝ የላትም። ጃስፐርም የለውም። ታዲያ የሳህኖቹ ዋጋ ከማን ተቆረጠ?