ኤክስስታርት ላይ የቆመው ስዊች፦ የኦኤስፒኤፍ ልምምዴ አራተኛ ሳምንት

ኦኤስፒኤፍን፣ የኔትወርክ መሣሪያዎች እርስ በርስ እየተነጋገሩ መንገድ የሚመርጡበትን ደንብ፣ እየተለማመድኩ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ የታገልኩት ከአንድ ቃል ጋር ነው፤ ኤክስስታርት፣ ሁለት ጎረቤቶች መረጃ መለዋወጥ ሊጀምሩ ሲሉ ያሉበት ደረጃ። ስዊቾቼ (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኙት ሳጥኖች) ሰላም ይባባላሉ፣ ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ንቅንቅ የለም። ምክንያቱ ፈጽሞ ካልጠረጠርኩት ቦታ ስለተገኘ፣ ያገለገለ ዕቃ ገዝታችሁ የምትለማመዱ ሁሉ እንዲጠቅማችሁ በዝርዝር ልጽፈው።

መጀመሪያ መለማመጃዬን ላሳያችሁ። ሦስት ያገለገሉ ባለ 24 ፖርት ሲስኮ ካታሊስት 3560 ስዊቾች አሉኝ። በነጭ ፕላስተር ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ሀ እና ለ በ100 ሜጋቢት ፖርት በቀጥታ ተገናኝተዋል። ሐ ከሁለቱም ጋር በጊጋቢት ይገናኛል። ሦስት ማዕዘን ሠሩ ማለት ነው። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ትራፊኩ በሌላው ይዞራል ወይ የሚለውን ለማየት ይህ ቅርጽ ይበቃል።

እስከ ሦስተኛው ሳምንት የምሠራው በስታቲክ ራውት፣ ማለትም መንገዱን በእጄ እየጻፍኩ፣ ነበር። አንድ ሰብኔት (የአድራሻ ክፍልፋይ) በጨመርኩ ቁጥር ሦስቱም ስዊች ላይ እየገባሁ መጻፍ ነበረብኝ። ገመድ ስነቅል ደግሞ ሌላ መንገድ እያለ ግንኙነቱ ቀጥ ይላል። ወደ ኦኤስፒኤፍ የገባሁት ለዚህ ነው።

ዝግጅቱ ብዙ አያስቸግርም። ስትገዙ ሶፍትዌሩ አይፒ ሰርቪስስ የሚባለው መሆኑን እዩ፤ አይፒ ቤዝ ላይ ኦኤስፒኤፍ ወይ ጭራሽ የለም ወይ የተገደበ ነው። ከዚያ «አይፒ ራውቲንግ» ብላችሁ እዘዙት። እኔ እሱን ዘልዬ ወደ «ራውተር ኦኤስፒኤፍ» ስሄድ ራውቲንግ አልበራም ብሎ መለሰኝ። ስዊች ከስዊች የሚያገናኙትን ፖርቶች «ኖ ስዊችፖርት» ብዬ ለእያንዳንዱ መስመር የ/30 (ለሁለት መሣሪያ ብቻ የሚበቃ) አድራሻ ሰጠሁ። ተጠቃሚ ያለባቸውን ቪላኖች (በአንድ ስዊች ውስጥ የተለያዩ ኔትወርኮች) ፓሲቭ አደረግኳቸው። ሰብኔታቸው ለሌሎቹ ይነገራል፣ የሄሎ (የሰላምታ) መልእክቱ ግን ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር አይወጣም።

አሁን ወደ ችግሩ። «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር» ስል ሀ እና ሐ ወዲያው ፉል (ሙሉ ጉርብትና) ደርሰዋል። ለ ግን ከሁለቱም ጋር ቆሟል። በአንዱ በኩል ሲታይ ኤክስስታርት ይላል፣ በሌላው በኩል ኤክስቼንጅ፣ የሚቀጥለው ደረጃ። ትንሽ ቆይቶ ይወድቅና እንደገና ይጀምራል።

ፒንግ አደረግኩ (ትንሽ መልእክት ልኬ መልስ ጠበቅኩ)፣ ይሠራል። ኤሪያው (የኦኤስፒኤፍ ክፍል ቁጥሩ) ሦስቱም ላይ ዜሮ ነው። ታይመሩ አንድ ነው። ኮንፊገሬሽኑን ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አነበብኩ፤ ከአድራሻው በቀር ልዩነት የለውም። ሁለት ማታ እንዲሁ አለፈ።

የረዳኝ ደረጃዎቹን በደንብ መረዳቴ ነው። ስዊቾቹ በየ10 ሰከንዱ ወደ 224.0.0.5 ሄሎ ይልካሉ። ጎረቤት ጨርሶ ካልታየ ኤሪያውን፣ ሰብኔቱን፣ ታይመሩን፣ የይለፍ ቃሉን ፈትሹ። ኢኒት ላይ ከቆመ አንዱ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም። ኤክስስታርት ከደረሰ ግን ሰላምታው አልቋል፤ የሚያውቁትን መንገድ ዝርዝር ሊለዋወጡ ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ የኤምቲዩ መጠኑን፣ ማለትም ሊያሳልፍ የሚችለውን ትልቁን ፓኬት መጠን፣ ይናገራል። የአንዱ ከሌላው ከበለጠ፣ አነስተኛው ዝርዝሩን አልቀበልም ይላል። ተራ ፒንግ ትንሽ ስለሆነች ይህን ልዩነት አታሳይም።

«ሾው ሲስተም ኤምቲዩ» አልኩ። ሀ 1500። ሐ 1500። ለ 1504!

አራት ባይት። የቀድሞው ባለቤት ቪላን በቪላን ውስጥ ያሳልፍበት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ተጨማሪው ታግ (የቪላን መለያ) ልክ አራት ባይት ነው። ግን እኮ ስዊቹን እንደገዛሁ ኮንፊገሬሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚህ ሞዴል ሲስተም ኤምቲዩ ኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም። ለብቻው ነው የሚያዘው። ስለዚህ ፋይሉን ብታጠፉት እሱ አይነካም፣ ፋይሉን ብታነቡትም አታገኙትም። ወደ 1500 መለስኩት፣ ስዊቹን ሪሎድ አደረግኩ፣ ሲነሳ ሁለቱም ጎረቤቶች ፉል ሆኑ። እውነቴን ነው፣ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ልዩነቱን ችላ እንዲል የሚያደርግ «ኤምቲዩ ኢግኖር» የሚባል ትእዛዝም አለ። እኔ አልተጠቀምኩበትም። ጎረቤቶቹ ፉል ይሆናሉ፣ ልዩነቱ ግን እዚያው ተደብቆ ይቀመጣል። በኋላ ትልልቅ ፓኬት እየጠፋ ምክንያቱን ፍለጋ ከመዞር አሁኑኑ ማስተካከል ይሻላል።

ቀጥሎ የገረመኝ የመንገድ ምርጫው ነው። ከሀ ወደ ለ የሚሄደው ትራፊክ ጊጋቢቱን ትቶ በ100 ሜጋቢቱ ይሄዳል። ወረቀት አውጥቼ በእጄ አሰላሁት። ስሌቱ የኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት የኤድስገር ዳይክስትራ ነው፤ በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ካፌ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ እንዳሰበው ራሱ ተናግሯል። ኦኤስፒኤፍ የመስመር ዋጋ የሚያወጣው 100 ሜጋቢትን ለመስመሩ ፍጥነት በማካፈል ነው፤ ከአንድ በታች ደግሞ አይወርድም። ስለዚህ 100 ሜጋቢትም ጊጋቢትም ዋጋቸው 1 ነው። ቀጥታው 1፣ በሐ በኩል 2። ቀጥታው አሸነፈ። የሚካፈለውን 100 ሜጋቢት ሦስቱም ላይ ወደ 10000 ሜጋቢት ከፍ ሳደርግ ቀጥታው 100፣ በሐ በኩል 10 ሲደመር 10፣ 20 ሆነ። ትራፊኩ ወዲያው ወደ ጊጋቢቱ ዞረ። አንዱን ስዊች ረስታችሁ እንዳትተዉ፤ ዋጋውን ሁሉም በአንድ መለኪያ ማውጣት አለባቸው።

ትናንት ማታ የመቋረጥ ሙከራ አደረግኩ። በሀ እና በሐ መካከል ሁለት ተራ ትንንሽ ስዊቾች አስገባሁና በእነሱ መካከል ያለውን ገመድ ነቀልኩ። እንዲህ ሲሆን በሁለቱም ጫፍ ፖርቱ እንደበራ ይቀጥላል፤ መስመሩ መሞቱን የሚነግራቸው የሄሎ መጥፋት ብቻ ነው። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ፒንግ የተመለሰው በ41 ሰከንድ ነው። ሄሎውን ወደ 1፣ ዴድ ታይመሩን (ሄሎ ሳይመጣ ጎረቤቱ ሞቷል የሚባልበትን ጊዜ) ወደ 4 ሰከንድ አወረድኩ። ሀ ላይ ብቻ ስቀይረው ጉርብትናው ወደቀ፤ ሐ ላይም ሳስተካክል ተመለሰ። እንደገና ነቀልኩ፤ 9 ሰከንድ።

ከዘጠኙ አምስት ያህሉ ስዊቹ መንገዱን እንደገና ከማስላቱ በፊት ቆም ብሎ የሚጠብቀው ጊዜ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራዬ እሱን ማሳጠር ነው። በእናንተ መለማመጃ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ የለካችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ከነሞዴሉ ንገሩኝ።