«ሰው የለኝም»

ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ይበልጥ የምጠብቀው አራተኛውን እሑድ፣ መጻጉዕን ነው። ከአደጋው ወዲህ ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ፣ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ መቋሚያዬን ተደግፌ እቆማለሁ። ጫማዬን የምታወልቅልኝ ልጄ ናት። (ባጃጅ ውስጥ መግባትማ ራሱን የቻለ ስግደት ነው።)

በዚያ እሑድ የሚታሰበው፣ በወንጌል የተጻፈው 38 ዓመት የታመመው ሰው፣ ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው አዎ አላለም፤ «ሰው የለኝም» ብሎ ብሶቱን ዘረገፈው። ይህን መልስ እወደዋለሁ። ጨዋነት አልታከለበትም፣ የሰለቸው ሰው ምሬት ነው፤ ጌታ ግን አልተቆጣውም፤ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ አለው።

እኔም ዘንድሮ ከሥጋና ከወተት ሌላ «ደህና ነኝ» ማለትን ጾምሁ። ጎረቤቴ ከቅዳሴ መልስ በሰሐን ሽሮ ይዛልኝ መጥታ «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ፣ «ያመኛል፣ ሌሊቱን አልተኛሁም» አልኋት። ነጠላዋን አውልቃ ተቀመጠችና አንሥታው ስለማታውቀው ስለ ልጇ መጠጥ ታጫውተኝ ጀመር።