«ኢንቦክስ» የሚባል በሽታ

ዛሬ ሽሮ ሜዳ እህቴ ሱቅ ዋልኩ። የሀበሻ ልብስ ነው የምትሸጠው። «ፌስቡክ ብሬን በላኝ» ትላለች። ለአንድ ፖስት 3,000 ብር ከፍላ ቡስት (ፌስቡክ ለብዙ ሰው እንዲያሳየው በክፍያ ማስተዋወቅ) አስደርጋለች፤ ላይኩ ጉድ ነው፣ ገዢ ግን የለም።

ስልኳን ተቀብዬ ኮሜንቱን ማንበብ ጀመርኩ። «ስንት ነው?» «የት ናችሁ?» ከስር የሷ መልስ፦ «ኢንቦክስ»። እሺ፣ ኢንቦክሱን ስንከፍተው ሰላሳ ምናምን ያልተነበበ መልእክት! አንዷ ከዋሽንግተን ለልጇ ክርስትና አራት ቀሚስ ፈልጋ ጠይቃለች። ከሦስት ሳምንት በፊት። ክርስትናውም አለፈ። (እህቴ ይሄኔ ነው ዝም ያለችው።)

ቡስቱን የሠራላት ልጅ ደግሞ ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ መላ ኢትዮጵያ ላይ ለቆታል፤ ቡስቱ ውጭ አገር ላለው ገዢ አይደርስም። ፎቶዎቹም ከኢንተርኔት የተለቀሙ ናቸው፣ የሷ ቀሚስ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ!

ከሰዓት በሩ ላይ፣ በፀሐይ፣ የአንዱን ቀሚስ ጥለት ጠጋ ብዬ በስልክ ቀረጽኩት። ዋጋውን፣ ስልኳን፣ የሱቁን ቁጥር ጻፍንበት። ዋጋውን «ጎረቤት ያየዋል» ብላ እምቢ ብላ ነበር። ይየዋ! እስከ ማታ አራት ሰው ደወለ፣ ሁለቱ ነገ እንመጣለን ብለዋል።

ለዋሽንግተኗም ይቅርታ ጽፈንላታል። እስካሁን አልመለሰችም።