«መደበኛ ውስጥ ደምሪው»

የትምህርት ቤት ልየታ፣ ማለትም ተማሪዎችን መዝኖና ለክቶ በምግብ እጥረት የተጎዱትን የመለየት ሥራ፣ የሠራ ሰው ቅጹን ያውቀዋል። በጣም የቀጨጨ፣ የቀጨጨ፣ መደበኛ። በቃ፣ ሌላ ሳጥን የለውም።

በአንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት እየለካን ነበር። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሚዛኑ ላይ ወጣ። 62 ኪሎ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ48። ቢኤምአይው፣ ክብደቱ ከቁመቱ አንጻር የሚለካበት ቁጥር፣ ከ28 በላይ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ 24 አካባቢን ካለፈ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። አስተባባሪያችንን ጠራኋቸው።

«የቱ ጋ ልጻፈው?»

«መደበኛ ውስጥ ደምሪው።»

«መደበኛ እኮ አይደለም።»

«ሲስተር፣ እኛ የመጣነው የተራበ ልጅ ፍለጋ ነው። ይሄ የደላው ልጅ ነው። ምን ሆነ ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

ይህን ሁሉ ስንባባል ልጁ ከሚዛኑ አልወረደም። ጓደኞቹ ከኋላው ተሰልፈው ይሰማሉ። ጫማውን በእጁ ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አሁን ልጆቹን በር ዘግቼ አንድ በአንድ ነው የምመዝነው።

አስተባባሪው ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳወጣው፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት የዓለም ልጆች ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 9.4 በመቶ ደርሰዋል። ክብደታቸው ዝቅ ያለው ደግሞ 9.2 በመቶ ናቸው። ወፍራሞቹ ሲበልጡ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካና በደቡብ እስያ ግን አሁንም የሚበዙት ቀጫጮቹ ናቸው። እሺ። ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የወፈሩት በዓለም ደረጃ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ ከተማ ውስጥ ልጆች በሰርቪስ ሄደው በሰርቪስ ይመለሳሉ፤ የሚሮጡበት ሜዳ የሌለው ግቢ ስንት ነው! ያልተመዘገበ ነገር ጨመረ ቀነሰ አይባልም።

ልጁ «መደበኛ» የተባለበትን ቅጽ አልፈርምም አልኩ። እሳቸው ፈረሙ።

እናቱን በትምህርት ቤቱ በኩል አስጠራኋት። ሳቅ ብላ፣ «እኔ እኮ ይበላልኛል ብዬ ፈጣሪን የማመሰግን ነኝ» አለችኝ። ለስላሳውን በውሃ እንድትተካለት፣ ግፊቱንና ስኳሩን እንድታስለካው ነገርኳት። ቦርሳዋን ከፍታ ከትምህርት ቤቱ የተላከላትን ወረቀት አወጣች።

«መደበኛ ይላል እኮ፣ ሲስተር።»

የሪፈር ወረቀቱን በራሴ ስም ጽፌ ሰጠኋት።