የአሳውን አፍ ሳያዩ ዘንግ መግዛት

ባለፈው እሁድ ሐይቁ ዳር የማጥመጃ ዕቃ ማሳያ ነበረን። ማሳያ ስል አዳራሽ፣ ባነርና የስፖንሰር ስም እንዳይመጣባችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በዘንግ የምናጠምድ ሰዎች ተጠራርተን፣ ቤታችን ያለውን ዕቃ ሁሉ ይዘን ወጥተን፣ ሣሩ ላይ ሸራ አንጥፈን ደረደርነው፤ በቃ። ውጭ ቆይተው የመጡ ሰዎች ሻንጣቸውን ፈቱ። ሐይቁ ላይ ኑሯቸውን የሚገፉ አጥማጆችም መረባቸውንና መንጠቆ የተደረደረበትን ረጅም ገመዳቸውን ተሸክመው መጡ። ቀኑን ቀን ያደረገው እነዚህ ሁለት ወገኖች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው።

ጽሑፎቼን ለማታውቁ፦ ዘንግ መያዝ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። መወርወር ችያለሁ። መጠበቅ ደግሞ በደንብ ችያለሁ። የቀረኝ መያዝ ነው።

አብረውኝ የሄዱት ሁለት ጓደኞቼ ናቸው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ያየውን ማሽን ሳይፈታ አይተኛም። ሌላው የባዮሎጂ መምህር ነው። እሱ ከዕቃው ይልቅ ስለ አሳው ነው የሚጠይቀው። እንዲህ ዓይነት ሰው ይዞ ዕቃ ማየት ኪስ ያድናል።

መጀመሪያ የቆምነው አርቴፊሻል አሳዎቹ ጋ ነው፤ መንጠቆ ተንጠልጥሎባቸው እውነተኛውን አሳ የሚያታልሉት። ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚቆመው፤ ያብረቀርቃላ። ባለቤቱ አንዷን ራፓላ አንስቶ ታሪኳን ነገረን። ላውሪ ራፓላ የሚባል ፊንላንዳዊ አጥማጅ እ.ኤ.አ. በ1936 ከቡሽ የትንሽ አሳ ቅርጽ ጠረበ። በቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት ሸፈነው። ከዚያ የፎቶ ኔጋቲቭ አቅልጦ ውሃ እንዳያስገባ ላዩን ቀባው። ሐሳቡን ያገኘው ሐይቅ ላይ ሆኖ ነው፤ ትልልቆቹ አሳዎች ከመንጋው ውስጥ አካሄዷ የሚንገዳገደውን አንዲት ደካማ አሳ እየመረጡ ሲበሉ አየ። ስለዚህ የእሱም ቡሽ ሲጎተት እንዲንገዳገድ አድርጎ ሠራት። የፋብሪካ ዕቃ ከመሆኗ በፊት የአንድ ድሃ አጥማጅ የእጅ ሥራ ነበረች ማለት ነው።

ባጃጅ ነጂው ወዲያው «ስንት ትሸጥልኛለህ?» አለ።

መምህሩ ክንዱን ያዘውና «ቆይ፣ ማንን ልታጠምድባት ነው?» አለው።

እኔ ከዚህ ማሳያ ይዤ የወጣሁት ይችን ጥያቄ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ በብዛት የምናወጣው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ሲያድግ ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አልጌ ነው። አሳ አሳዳጅ አይደለም። አፉ ትንሽ ነው። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምታሳድግ በዚያ ወቅት መብላቱንም ትተወዋለች። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍጡር ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ የተንጠለጠለባት ብልጭልጭ አሳ ብትወረውርለት ምን ያድርጋት? ቆሮሶ የሚፈልገው ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀላል የቡሽ ተንሳፋፊ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የጣት ጥፍር የምታህል ሊጥ ወይም የመሬት ትል ነው። ዋጋው ከራፓላዋ ጋር አይወዳደርም።

አምባዛ ሌላ ነው። አምባዛ ያገኘውን ይበላል። ስምንት ጢም አለው፤ ምግቡን በዓይኑ ከሚፈልገው ይልቅ በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ያገኘዋል። ስለዚህ ለእሱም ቀለም ዋጋ የለውም፤ ሽታ ነው ዋጋ ያለው። የአሳ ሆድ ዕቃ ይበቃዋል። ጥሩ ሰዓቱ ማታ ነው። እዚህ ላይ ለጀማሪ አንድ ነገር ልበል፦ ጨለማ ሲሆን ጉማሬ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። አምባዛ ፍለጋ ብላችሁ ብቻችሁን ሳር ውስጥ አትቀመጡ። የሚሸሽበትን መንገድ ዘግቶ የተገኘ ሰው ላይ ጉማሬ ቀልድ አያውቅም።

ብልጭልጮቹ ታዲያ ለማን ናቸው? እኛ ጋ ምናልባት ቢልጫ ለሚባለው አሳ፣ ያውም ትንንሾቹ። ደንበኛ ቦታቸው ግን ጫሞና አባያ ነው። ናይል ፐርች እዚያ አለ፤ እኛ ሐይቅ ውስጥ የለም። ናይል ፐርች አሳ አሳዶ የሚበላ ትልቅ አዳኝ ስለሆነ የራፓላ ብልሃት እሱ ላይ ይሠራል። ባለቤቱም ዞሮ ዞሮ ይህንኑ አመነ። የገዛቸው አርባ ምንጭ ለመሄድ አስቦ ነበር፤ ሳይሄድ ቀረ።

ሪሎቹ ጋ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ሆነው ክሩን የሚጠቀልሉትና የሚለቁት ማሽኖች ጋ ስንደርስ፣ ባጃጅ ነጂው ነፍሱ መለስ አለች። እዚያ ከነበሩት አንዱ ሺማኖ ነበር። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ስለሆነች ስሙን የማያውቅ የለም፤ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በብስክሌት ማርሽ ነው። ኩባንያው ጃፓን፣ ሳካይ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲጀምር የብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ የሚገባውን ጥርስ ነበር የሚሠራው። ወደ ማጥመጃ ሪል የገባው በ1970 ነው። አንድ ሰውዬ «ብስክሌቴም ሪሌም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው?» ብሎ አሳቀን።

ጓደኛዬ ባለቤቱን አስፈቅዶ አንዱን ሪል ከላይ ፈታው። ክሩ የተጠቀለለበትን ማጠንጠኛ አነሳና ውስጡን አሳየን። የብረትና የጨርቅ ክብ ቅጠሎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ከላይ ያለው ቁልፍ ሲጠብቅ እነዚህን ቅጠሎች እርስ በርስ ይጫናቸዋል፤ ሲላላ ይንሸራተታሉ። «ይሄማ ፍሪሲዮን ነው!» አለ ጮክ ብሎ። ነውም። ትልቅ አሳ በድንገት ሲሮጥ ሪሉ ክር መልቀቅ አለበት፤ ካለዚያ ክሩ ይበጠሳል። ልምድ ያላቸው የነገሩን መለኪያ፣ ክሩ ከሚችለው ክብደት ከአራት አንድ እስከ ሦስት አንድ ሲደርስ ሪሉ መልቀቅ ይጀምር የሚል ነው። ክሩ ላይ 6 ኪሎ ከተጻፈ፣ ወደ 2 ኪሎ ገደማ ስትጎትተው መንሸራተት አለበት። ቤት ስትገቡ ደግሞ ቁልፉን አላሉት። ጠብቆ ከከረመ ቅጠሎቹ ተጨምቀው ይቀሩና በሚቀጥለው ጊዜ እየያዘ እየለቀቀ ያስቸግራል።

ስለ ዘንጎቹ ብዙ አልልም። ካርቦኑ ቀላል ነው፣ ፋይበርግላሱ ከበድ ይላል ግን ባጃጅ ላይ ተጭኖ ቢንገላታም ይችላል። ለእኛ መንገድ ሁለተኛው ይሻላል። ከሁለት የሚፈታ ይሁን። አለቀ።

ክሩ ላይ ግን ቆየን። ሰው ሪል ለመግዛት ወር ሙሉ ያስባል፤ ክር ሲሆን ያገኘውን ይጠቀልላል። አሳው የሚነካው ግን ሪሉን ሳይሆን ክሩን ነው። ተራው ናይለን ይለጠጣል። ይህ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ድንገተኛውን ጉተታ ያረግብለታል። ችግሩ ፀሐይና ጊዜ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ናይለን ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲይዙት ነው የሚያዋርደው። የተገመደው ክር በቀጭኑ ብዙ ኪሎ ይችላል፤ አይለጠጥም፤ አሳው ትንሽ ሲነካካው እጅህ ላይ ይሰማሃል። ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ግን ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ጫፉ ላይ የተወሰነ ናይለን መቀጠል ነው። ፍሎሮካርቦን የሚባለውም ነበር። ብርሃን የሚያልፍበት መንገድ ከናይለን ይልቅ ለውሃ ስለሚቀርብ አሳው በቀላሉ አያየውም፤ ይሰምጣልም። የእኛ ሐይቅ አልጌ የበዛበት ስለሆነ ለዚያ ጥቅም ብሎ ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም።

ከዚያ የቋጠሮው ፈተና መጣ። አንዱ ሻንጣ የሚመዘንበትን የእጅ ሚዛን አመጣ። መንጠቆውን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥለን ክሩን በጨርቅ ጠቅልለን መጎተት ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ቋጠሮውን በደረቁ አጠበቀ። ክሩ ሲጠብቅ ጢስስ የምትል ድምፅ አላት፤ ናይለኑ እርስ በርሱ ሲፋተግ የሚያሰማት ናት። ጎተትነው። ከተጻፈበት ኪሎ ብዙ ሳይጠጋ ቋጠሮው ሥር ብጥስ አለ። ሁለተኛውን ምራቁን እንትፍ ብሎበት፣ ቀስ አድርጎ አጠበቀው። ይህኛው እጃችንን እስኪያቃጥለን ቆየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በደረቁ ሲጠብቅ ፍትጊያው ይሞቃል፣ ሙቀቱ ናይለኑን ያደክመዋል። ሦስተኛው አልተበጠሰም፤ ተፈትቶ ወጣ። የክሩን ጫፍ ሳየው ተጠማዞ ተጠቅልሏል። ይህን ልብ በሉ። አሳ አምልጧችሁ የክራችሁ ጫፍ እንዲህ ከተጠቀለለ ክሩን አትውቀሱ፤ ቋጠሮው ነው የሾለከው። ጫፉ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መንጠቆዎቹ ጋ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሐይቁ ላይ ናቸው። የእሳቸው ዕቃ አንድ ረጅም ገመድ ነው፤ በየመሀሉ አጫጭር ክሮች ተንጠልጥለዋል፤ በየጫፋቸው መንጠቆ አለ፤ ማታ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይነሣል። ለአምባዛ ነው። ገመዱ ቅርጫት ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ መንጠቆዎቹ በተራ የቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተሰክተዋል። አንዱም አልተጠላለፈም። እኔ አንድ ክርና አንድ መንጠቆ ይዤ ከቤት እስከ ሐይቅ ሳላወሳስብ የደረስኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ከሻንጣ የወጣ አንድ ክብ መንጠቆ አሳየናቸው። ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግንዱ የታጠፈ ነው። ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄ ጫፉ ወደ ራሱ ዞሮ እንዴት ይወጋል፣ ልጄ?» አሉ።

«ጋሼ፣ አይወጋም። አሳው ውጦት ሲሄድ ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ይመጣና የአፉ ጠርዝ ላይ ይያዛል። እርስዎ መመንጨቅ የለብዎትም፤ ዝም ብለው ቀስ እያሉ መሳብ ነው።»

«እኔማ መቼ እመነጭቃለሁ? ተኝቼ ነው የማድረው።»

ሳቅን፤ ግን ነጥቡ እዚያው ነው። ይህ መንጠቆ የሚስማማው ማንም ሳይጠብቀው ለሚያድር ገመድ ነው። አላስካ ውስጥ ሃሊበት የሚባለውን ትልቅ ጠፍጣፋ አሳ በረጅም ገመድ የሚያጠምዱ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ክብ መንጠቆ የዞሩት የተሻለ ስለያዘላቸው ነው። ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የአሳውን ሆድ ሳይሆን የአፉን ጠርዝ ስለሆነ ትንሹን ሳትጎዳው ልትመልሰው ትችላለህ። ሽማግሌው የተወሰኑ መንጠቆዎች ወስደው ገመዳቸው ላይ እያፈራረቁ ሊሞክሩ ተስማሙ፤ አንድ የድሮው፣ አንድ ክቡ። ከዚህ የተሻለ ፈተና እኛ አናዘጋጅም።

የመንጠቆ ቁጥር ለምታደናግራችሁ፦ ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል። 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያነሰ ነው። 1 ላይ ሲደርስ ግን ይገለበጣል። 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ከዚያ በኋላ ከቁጥሩ ጋር ያድጋል። ማን እንዳወጣው አይጠየቅም። ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ይበቃል፤ ለአምባዛ ከ2/0 ወዲያ።

እርሳሱ ላይ ክርክር ተነሣ። እንግሊዝ አገር ቆይቶ የመጣው ሰው ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶች እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ መከልከላቸውን ነገረን። ምክንያቱ ስዋን የሚባሉት ትልልቅ ነጭ የውሃ ወፎች ናቸው። ወፎቹ ምግብ ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ፤ የወደቀውን እርሳስ ጠጠር መስሏቸው እየዋጡ ይመረዙ ነበር። አንዳንዱ «እኛ ጋ ይሄ ቅንጦት ነው» አለ። እኔ አልመሰለኝም። የእኛ ሐይቅ ዳር ከወፍ ተለይቶ አያውቅም፤ ሐይቁም መውጫ ወንዝ የለውም። የጣልነው ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። የተበጠሰ ናይለንም እንደዚያው ነው፤ አይበሰብስም፤ የወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል። መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም። ጋራዥ ሄዶ አሮጌ የብሎን ዳዶ መለመን ነው። ቀዳዳው ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፤ ክሩን አሳልፎ ማሰር ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂው እዚያው ከወንበሩ ሥር አንድ እፍኝ አውጥቶ አደለን።

ምሳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ በላን። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበሉት በሉ፤ እኔ ጥብሱን መረጥኩ። ከጎናችን ፊሌቶ የሚያወጣ ልጅ ነበር፤ እጁ ሲሄድ ቢላዋው አይታይም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሆድ ዕቃው እስኪወረወርላቸው ተሰልፈው ቆመዋል። መምህሩ ግን ምግቡን ትቶ የቆሮሶ ጭንቅላት ለምኖ አፉን ከፍቶ በጣቱ ይለካ ነበር። ከዚያ 10 ቁጥር መንጠቆ አስገብቶ «አየህ፣ እንዲህ ነው የሚገዛው» አለኝ። አስተናጋጇ የሚሠራውን አይታ «ምን ጎደለ?» ብላ ጠየቀችን።

ከማሳያው የገዛሁት አንድ ጥቅል ቀጭን ናይለን፣ ትንንሽ መንጠቆዎችና ሁለት የቡሽ ተንሳፋፊ ነው። ሪሌን አልቀየርኩም፤ ፈትቼ አጽድቼዋለሁ። ባጃጅ ነጂው ራፓላዋን በመጨረሻ ገዛት። «አርባ ምንጭ ስንሄድ» ይላል። እውነት ከሆነ እንግዲህ ጥያቄ አለኝ። ጫሞ ላይ ከናይል ፐርች ሌላ ታይገር ፊሽ የሚባል ጥርሳም አሳ አለ፤ ናይለንን በጥርሱ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ሽቦ መቀጠል ግድ ነው። በአዞው ምክንያት ከዳር ሆኖ መወርወር ስለማይታሰብ ከጀልባ ነው የምንሞክረው። እዚያ በዘንግ ያጠመዳችሁ ካላችሁ የሽቦው ርዝመት ምን ያህል ቢሆን ይሻላል? ራፓላዋ ላይ በቀጥታ ሲታሰር መንገዳገዷን አያበላሽባትም ወይ?