ጃንተከል ዋርካ ሥር ያሳለፍኋቸው ቅዳሜዎች

ሰላም ወዳጆች። ሰው ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት ጊዜውን ጨምሮ በሥዕል ማሳየት መማር ከጀመርሁ አምስት ወር ሆነኝ። መለማመጃዬ ጎንደር ከተማ ያለው ትልቁ ዛፍ፣ ጃንተከል ዋርካ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እዚያው ነኝ። በየግማሽ ሰዓቱ የተቀመጠውን ሰው በነጥብ፣ የዋርካውን ጥላ ጠርዝ በመስመር ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። ስም አልጽፍም፤ ፎቶም አላነሳም።

ጥር ላይ የቀኑን ነጥብ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ አደረግሁት። ከዋርካው በስተምሥራቅ ነጥቡ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። «ሰዉ ምሥራቁን ይወዳል» ብዬ ጻፍሁ። ተሳስቼ ነበር።

ያዳነኝ የስዊድኑ የጂኦግራፊ ሰው ቶርስተን ሄገርስትራንድ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ነው። ካርታውን መሬት ላይ ታነጥፋለህ፤ ጊዜን ወደ ላይ ታቆማለህ። አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ቀጥ ያለ ምሰሶ ይሆናል፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ያዘነበለ መስመር። እኔ በየሰዓቱ አንድ ትሬሲንግ ፔፐር (ሥሩን የሚያሳይ ስስ ወረቀት) እየሣልሁ ደራረብሁት።

ያኔ ታየኝ። ሽማግሌዎቹ ምሥራቅ በኩል ካለው ድንጋይ ላይ ጠዋትም ከሰዓትም አሉ። ግን የጥር ጠዋት ጎንደር ይበርዳል፤ የሚቀመጡት ፀሐይ ሊሞቁ ነው። ከሰዓት ደግሞ ጥላው ራሱ ዞሮ ይመጣላቸዋል። ቦታው አንድ፣ ምክንያቱ ሁለት። ነጥብ ብቻውን ይህን አይናገርም።

የሊስትሮዎቹ መስመር ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት ምዕራብ፣ ቀትር ላይ ሰሜን፣ ከሰዓት ምሥራቅ። ሣጥናቸውን ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ገባ አድርገው ያስቀምጣሉ። ጠርዙ ሲደርስባቸው ብድግ ይላሉ። መስመራቸውን ከጥላው መስመር ጋር ሳነባብረው ልዩነቱ ከእርሳስ ውፍረት አያልፍም ነበር። ደስ አለኝ!

ስለ ጥላ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን አሳስቶኛልና። አንደኛ፣ ጥላው በጣም የሚያጥረው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከጎንደር በጣም በምሥራቅ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይ እኛ ጋ ቀትር የምትሆነው ዘግይታ ነው። ሁለተኛ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ያደላል። የጥር ወሩን ሥዕል ለግንቦት ልጠቀም ብዬ የቀትሩ ጥላ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ግንቦት ላይ ሽማግሌዎቹም ጠዋቱን ወደ ምዕራብ ዞረዋል።

የጥምቀትን ሰሞን ከሌላው ቅዳሜ ጋር አላቀላቀልሁም። ሕዝቡ ሌላ፣ አካሄዱም ሌላ ነው።

አሁን ነጥቦቹን ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባል የካርታ ሶፍትዌር ላይ እያስገባሁ ነው፤ ሰዓቱን ከሞላህለት በቅደም ተከተል ያንቀሳቅስልሃል። የቀረኝ ክረምቱ ነው። ዝናብ ሲጀምር ጥላ የለም፤ ሰዉ ግንዱን ተጠግቶ ይቆም ይሆን ወይስ በረንዳ ፍለጋ ይበተን? ሰኔ ላይ ጃንጥላ ይዤ እወርዳለሁ።